ልብ ሳይቆም የሚጠራ ቡድን

ሆስፒታሎች ለረጅም ዘመን የነፍስ አድን ቡድን የሚጠሩት የሕመምተኛው ልብ ከቆመ በኋላ ነበር። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የማያሚ ጥናት፣ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ልባቸው ከቆመ 64 ሕመምተኞች 84 በመቶው ቀደም ባሉት ስምንት ሰዓታት ሁኔታቸው መክፋቱን አሳየ። የብዙዎቹ አተነፋፈስ ወይም አእምሮ ተዛብቶ ነበር፤ ይህም መዝገባቸው ላይ ሰፍሯል። በዚያው ጊዜ ገደማ ሲድኒ በሚገኘው ሊቨርፑል ሆስፒታል ዶክተር ኬን ሂልማንና ባልደረቦቻቸው ልብ ሳይቆም የሚጠራ ቡድን አቋቋሙ። በእኔ እምነት ትልቁ ለውጥ የቡድኑ ሙያ ሳይሆን የመጥራት ሥልጣኑ ነው። ቀድሞ ነርሷ ለተረኛው ሐኪም ትናገራለች፤ እሱም የበላዩን ይጠይቃል፤ ሰዓቱ ይነጉዳል። በአዲሱ አሠራር ግን የልብ ምት በደቂቃ ከ40 ከወረደ ወይም ከ140 ካለፈ፣ ሌላው ቀርቶ የሕመምተኛው ሁኔታ ካሳሰባት ብቻ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ትጠራለች።

«ታዲያ ለምን ውጤቱ አልታየም?» የሚሉ አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ በ23 የአውስትራሊያ ሆስፒታሎች ተካሂዶ በ2005 የታተመው ሰፊ ጥናት በቡድኑ ምክንያት በሞትም ሆነ በልብ መቆም ላይ ጉልህ ቅናሽ አላሳየም። ይሁንና በዚያው ጥናት ምልክቱ እየታየ ቡድኑ ያልተጠራባቸው ሕመምተኞች ብዙ ነበሩ። ያልተጠራ ቡድን ሊያድን አይችልም፤ ስለዚህ ጥናቱ ያጋለጠው የሐሳቡን ከንቱነት ሳይሆን የቆየውን የማዕረግ ፍርሃት ይመስለኛል። ደንብ በአንድ ቀን ይጻፋል፤ ወጣት ነርስ በሌሊት ስልክ አንሥታ ስትደውል እንዳትገሠጽ ማድረግ ግን ዓመታት ይወስዳል። በፒትስበርግ አንድ ሆስፒታል በ2005 ከዚህም አልፎ ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸው ራሳቸው ቡድኑን እንዲጠሩ ፈቀደ።