የማን ተገዢ? ባርነትን የማስቀረት ዘመቻና የእንግሊዝ የዳኝነት ሥልጣን በዛንዚባር

ሬጅናልድ ኩፕላንድ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ የጻፋቸው ሁለት ትልልቅ መጻሕፍት በ1938 እና በ1939 ከታተሙ ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የዛንዚባርን የባርነት ታሪክ ለሚያጠና ሰው መነሻ ሆነው ኖረዋል። ኩፕላንድ በኦክስፎርድ የቅኝ ግዛት ታሪክ ፕሮፌሰር ነበር፤ ቀደም ብሎም የፀረ ባርነት ታጋዩን የዊልበርፎርስን የሕይወት ታሪክ ጽፏል። ዛንዚባርንም ያየው በዚያው ዐይን ነው። በእርሱ ትረካ የእንግሊዝ ሕዝብ ኅሊና ነቃ፤ ቆንስሎችና የባሕር ኃይል መኰንኖች የኅሊናውን ትእዛዝ ፈጸሙ፤ ሡልጣኖቹም ደረጃ በደረጃ እጅ ሰጡ። የቆንስሉ የዳኝነት ሥልጣን በዚህ ትረካ ውስጥ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ዓላማው ባርነትን ማጥፋት ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ተነግሯል የሚል ነው። ቢያንስ ከ1843 እስከ 1873 ባለው ጊዜ በዛንዚባር ባርነትን የመከልከል ሥራ የእንግሊዝ ዳኝነት በባዕድ ሡልጣን አገር ውስጥ የተስፋፋበት ዋነኛው መንገድ ነበር። የባሮቹ ነፃነት የዚህ መስፋፋት ፍሬ ነው፤ ዳኝነቱ የደረሰበት ድረስ ደርሷል፣ ዳኝነቱ የቆመበት ላይ ቆሟል።

ስለ ኢኮኖሚው ብዙ አልልም። አብዱል ሸሪፍ በ1987 ስለ ቅርንፉዱ፣ ስለ ዝሆን ጥርሱና ስለ ሕንዳውያን ነጋዴዎች ካፒታል የጻፈው በቂ ነው። ፍሬደሪክ ኩፐርም በ1977 እና በ1980 ባወጣቸው ሥራዎቹ የእርሻ ባርነትንና ከባርነት በኋላ የመጣውን የጭሰኝነት ሕይወት አሳይቷል። ከሁለቱም ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከኩፕላንድ ጋር ነው፤ ያውም ኩፕላንድ እንደ ዝርዝር የሕግ ጉዳይ ቈጥሮ ባለፈው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ ባሪያውን የያዘው ሰው የማን ተገዢ ነው?

ጥያቄው የተነሣው በኩች ሰዎች ምክንያት ነው። በዛንዚባር የነበሩት ሕንዳውያን ነጋዴዎች፣ ባንያን የሚባሉት ሂንዱዎችም ሙስሊሞችም፣ አብዛኞቹ ከኩች የመጡ ነበሩ። ኩች ራኦ በሚባል የራሷ ገዢ የምትተዳደር ነበረች። በ1819 ከእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ጋር የተዋዋለችው ውል ጥበቃ ቢሰጣትም የውስጥ አስተዳደሯን ለራኦው ትቶለት ነበር። እንግዲህ ዛንዚባር የተቀመጠ የኩች ባንያን እንግሊዛዊ ተገዢ ነው ወይስ የራኦው ሰው? ወይስ በሡልጣኑ ጥላ ሥር እስካደረ ድረስ የሡልጣኑ?

እንግሊዝ ከሡልጣን ሰዒድ ጋር በ1839 የተፈራረመችው የንግድ ውል ለቆንስሏ በተገዢዎቿ ላይ የዳኝነት ሥልጣን አስገኝቶለት ነበር። ለእኛ አገር አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በ1908 የተፈረመው የክሎቡኮውስኪ ውል የውጭ ዜጎችን ከኢትዮጵያ ዳኝነት በከፊል ያወጣው በተመሳሳይ አሠራር ነው። የአሠራሩ ባሕርይ ደግሞ ይታወቃል። መሬቱን ሳይነካ ሰዎቹን ይወስዳል፤ ተገዢ የሚባለው ሰው በበዛ ቍጥር የአገሩ ገዢ ሥልጣን ይጠባል።

አሁን ወደ 1860 እንምጣ። ክሪስቶፈር ፓልመር ሪግቢ በ1858 ቆንስል ሆኖ ሲመጣ ከእርሱ በፊት የነበረው አትኪንስ ሃመርተን ሞቶ፣ ሰዒድም ሞቶ፣ ልጁ ማጂድ በዙፋኑ ላይ ነበር። ሪግቢ በ1860 ሕንዳውያኑ ባሮቻቸውን እንዲለቁ አዘዘ፤ በሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎችም የነፃነት ወረቀት ተሰጣቸው። ይህን ያህል ሰው ከባርነት መውጣቱን አሳንሼ ላየው አልፈልግም። የወረቀቱን ዋጋ የሚያውቁት የተቀበሉት ናቸው።

ይሁንና ሪግቢ በየትኛው ሕግ ነበር ያዘዘው? እዚህ ላይ ኩፕላንድ ፈጥኖ ያልፋል፤ እኔ ግን መቆም እፈልጋለሁ። በ1843 የወጡ ሁለት ሕጎች ነበሩ። አንደኛው የእንግሊዝ ፓርላማ ሕግ ነው፤ እንግሊዛዊ ተገዢ በየትኛውም አገር ቢኖር ባሪያ እንዳይገዛና እንዳይሸጥ ከልክሏል። ሕጉ ያነጣጠረው በዋነኛነት በንግዱ ላይ ነበር፤ ቀድሞ የተያዙትንና በውርስ የመጡትን በሚመለከት ክፍተት ትቷል። ሁለተኛው በዚያው ዓመት በሕንድ የወጣው አምስተኛው ሕግ ነው። እርሱም በኩባንያው ግዛት ያሉ ፍርድ ቤቶች የባርነት መብትን እንዳያስፈጽሙ ከለከለ እንጂ ነፃነትን በአዋጅ አላወጀም። ኩች ደግሞ የኩባንያው ግዛት አልነበረችም። ስለዚህ ሪግቢ ያደረገው ሕጉ ካለው በላይ ነው። መግዛትንና መሸጥን የከለከለውን ሕግ በመያዝ ላይ አዋለው፤ ለእንግሊዝ ተገዢ የተጻፈውንም ለራኦው ተገዢ አዋለው። በሰብአዊነት ስናየው መልካም አደረገ። በሕግ ስናየው አንድ ቆንስል፣ በባዕድ ሡልጣን ከተማ ተቀምጦ፣ ማን የእርሱ ተገዢ እንደሆነ በራሱ ብያኔ ወሰነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይህን ያጠናክራል። ሪግቢ በ1861 ሲሄድ ትእዛዙ ላላ፤ በሡልጣኑ ጥበቃ ሥር ነን ያሉ የኩች ሰዎች ጉዳይ ተለይቶ ይታይ ጀመር። ቆይቶ ቆንስል ሄንሪ ቸርችል መልሶ አጠበቀው። በላላበትም በጠበቀበትም ጊዜ የሚከራከሩበት ነገር አንድ ነበር፤ እርሱም የባሪያው ሁኔታ ሳይሆን የጌታው ዜግነት ነው። መፍትሔውም የተገኘው በዚያው በኩል ነው። በ1866 በወጣ የዘውድ ትእዛዝ የቆንስሉ ችሎት ተደራጅቶ ይግባኙ ወደ ቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ሆነ። በ1869 የኩች ራኦ በዛንዚባር ያሉ ሰዎቹ እንደ እንግሊዝ ተገዢዎች እንዲታዩ አስታወቀ። በ1873 ደግሞ ሡልጣን በርጋሽ በባሕር ኃይል ማስፈራሪያ በፈረመው ውል ውስጥ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ያሉ የሕንድ ግዛቶች ተወላጆች ባሪያ እንዳይዙ የሚል አንቀጽ ገባ። ታሪክ ጸሐፊዎች ከዚህ ውል የሚያስታውሱት የባሪያ ገበያውን መዘጋት ነው። እኔ ይህን አንቀጽ አስታውሳለሁ፤ ሪግቢ በ1860 ያለ ውል ያደረገው ነገር ከ13 ዓመት በኋላ ውል ተጻፈለት።

ሌላ ተገቢው ቦታ ያልተሰጠው ምንጭ አለ። የሰዒድ ልጅ ሰይዳ ሰልማ፣ በኋላ ኤሚሊ ሩተ የተባለችው፣ በ1886 በበርሊን ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ሕንዳውያኑ ባሮቻቸውን የለቀቁበትን ጊዜ ታነሣለች። የምትናገረው እንደ ባለ ባሪያ ልጅ ነው። የጌቶቹን ልቅሶ ታወራለች፤ ነፃ የወጡትን ሥራ ፈቶች ትላቸዋለች። ይህን ንቀቷን የምቀበልበት ምክንያት የለኝም። ነገር ግን ሁለት ነገር ትነግረናለች። አንደኛ፣ ነፃ አውጪዎቹ ለወጡት ሰዎች መኖሪያና እንጀራ አላዘጋጁም። ሁለተኛ፣ ለእኔ ክርክር የሚበልጠው፣ ጉዳዩን የምታስረዳው በእንግሊዝና በአባቷ መካከል እንደተደረገ ስምምነት አድርጋ ነው። የሰዒድን ውሎች ስናይ ግን ይህን አናገኝም። የ1822ቱም የ1845ቱም ውል ስለ ባሪያ መሸጥና ወደ ውጭ መጫን ይናገራሉ እንጂ ባሪያ ስለ መያዝ አይናገሩም። ስሕተቷ አስተማሪ ነው፤ በቤተ መንግሥቱ ዘንድ የቆንስሉ ትእዛዝ ውል ያለው መስሎ ተተክሏል ማለት ነው።

ተቃውሞዎች ይነሣሉ። ሪግቢ ከልቡ ባርነትን ይጠላ ነበር ይባላል፤ ልጁ በ1935 ያሳተመችው የማስታወሻው መጽሐፍም ይህን ያሳያል። እውነት ነው፤ የእኔ ጥያቄ ግን ስለ ልቡ ሳይሆን ስለ ሥልጣኑ ነው። እንግሊዝና ፈረንሳይ በ1862 የዛንዚባርን ነፃነት ለማክበር ቃል ገብተዋል፤ ታዲያ መስፋፋት ከወዴት መጣ? የሚልም አለ። መልሱ ቀላል ነው፤ መሬቱን መውሰድ ስላልተቻለ ሰዎቹ ተወሰዱ። ምንጮቻችን በአብዛኛው የቆንስላው ወረቀቶች በመሆናቸው ስለ ሐሳብና ዓላማ ስንናገር መጠንቀቅ እንደሚገባ አምናለሁ። የትእዛዞቹ ቅደም ተከተል ግን ከዚህ የተለየ ንባብ የሚፈቅድ አይመስለኝም።

ክርክሩን የሚፈትነው የኋለኛው ዘመን ነው። ኩፕላንድ ትክክል ቢሆን፣ እንግሊዝ ሙሉ ሥልጣን በያዘች ጊዜ ባርነት በፍጥነት መጥፋት ነበረበት። በ1890 ዛንዚባር በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ገባች፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ሡልጣን ዓሊ ያወጣው ፀረ ባርነት አዋጅም ብዙ ሳይቆይ ተሸራረፈ። የባርነት ሕጋዊ አቋም የተሻረው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1897 ነው። ያኔም ቢሆን ባሪያው ራሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ መጠየቅ ነበረበት። ጌታው ካሣ ይከፈለው ነበር፤ ነፃ የወጣው ሰው ደግሞ መኖሪያና መተዳደሪያ እንዳለው ማስረዳት ነበረበት። በጊዜው የነበረው ቆንስል ጄኔራል አርተር ሃርዲንጅ ፈጣን ነፃነትን የሚቃወም ሰው ነበር። በ1860 አንድ ቆንስል ያለ በቂ ሕግ በሺዎች ነፃ አወጣ፤ በ1890ዎቹ ግን አገሩን በሙሉ የያዘ መንግሥት አንድ በአንድ አቤቱታ ይሰማ ነበር። ባለ ርስቶቹ አሁን ከእርሱ ጋር የሚያስተዳድሩ ዐረቦች ስለነበሩ ከእነርሱ የሚወሰድ ዳኝነት አልቀረም።

የ1897ቱ አዋጅ ቁባቶችን ለይቶ አስቀረ። እንደ ሚስት ስለሚቈጠሩ፣ ከአንዳንድ ሁኔታ በስተቀር፣ ነፃነት መጠየቅ አይችሉም ነበር። በዛንዚባር ባለጠጎች ቤት ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ነበሩ፤ የሡልጣን በርጋሽ እናትም ሐበሻ ነበረች። በ1860 በኩች ነጋዴ ቤት የነበረች ሴት በጌታዋ ዜግነት ምክንያት ወረቀት ልታገኝ ትችል ነበር። በዐረብ ቤት ቁባት የነበረችው ግን ነፃነት የመጠየቅ በር እስኪከፈትላት እስከ 1909 መጠበቅ ነበረባት።