መጥረጊያ የያዘው መካኒክ

የመኪና እሽቅድምድም ሲነሳ አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ገንዘብ ነው። የሀብታም ልጅ፣ የተወለወለ መኪና፣ ሻምፓኝ። የዛሬው ባለታሪኬ ግን ነገሩን የጀመረው በጫማ ቀለም ነው። ሊስትሮ ነበር።

ቻርሊ ዊጊንስ በአሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ኢቫንስቪል በምትባል ከተማ በ1897 ተወለደ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የማወራችሁ)። ጥቁር ነው። የሊስትሮ ሳጥኑን የዘረጋው አንድ መኪና መሸጫና መጠገኛ ደጃፍ ላይ ነበር፤ እጁ ጫማው ላይ፣ ዓይኑ ሞተሩ ላይ። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጥቶ መካኒኮቹ ሲዘምቱ ጋራዡ ሰው አነሰው። ልጁም ከደጅ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ በኋላ ማን ያስወጣዋል! የሞተር ድምፅ ሰምቶ በሽታውን የሚያውቅ ሰው ወጣው።

በ1922 ከሚስቱ ከሮቤርታ ጋር ወደ ኢንዲያናፖሊስ ሄደ፤ የራሱንም ጋራዥ ከፈተ። ከወዳደቁ መኪናዎች የለቃቀመውን ብረት አገጣጥሞ አንድ የውድድር መኪና ሠራና “ዊጊንስ ስፔሻል” አላት። ከተማዋ ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ የእሽቅድምድም መካ ናት። ከ1911 ጀምሮ ታላቁ የ500 ማይል ውድድር የሚካሄደው እዚያው ነው። ታዲያ ዊጊንስ ለምን አልተወዳደረም? ውድድሩን የሚመራው የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር ለጥቁር ፈቃድ አይሰጥማ! እንዲያውም በ1910 የዓለም የቦክስ ሻምፒዮን የነበረው ጥቁሩ ጃክ ጆንሰን ኒውዮርክ ውስጥ ከዝነኛው ነጭ ሾፌር ከባርኒ ኦልድፊልድ ጋር ተሽቀዳድሞ ነበር። ያሸነፈው ኦልድፊልድ ነው፤ ማኅበሩ ያገደውም ኦልድፊልድን ነው። ከጥቁር ጋር መሽቀዳደሙ ራሱ ወንጀል ነበር ማለት ነው።

በዚያ ላይ የ1920ዎቹ ኢንዲያና የኩ ክላክስ ክላን መናኸሪያ ነበረች። በ1924 የግዛቲቱ ገዢ ሆኖ የተመረጠው ሰው የክላን ድጋፍ የነበረው ነው። በዚያው በ1924፣ በዚያችው ከተማ፣ ጥቁሮቹ “ከከለከላችሁን የራሳችንን እናዘጋጃለን” አሉ። “የወርቅና የክብር ውድድር” የተባለው ተወለደ። መቶ ማይል ነው፤ በእኛ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም አንድ ማይል በሆነ የአፈር መም ላይ። አቧራው ከፊት ያለውን መኪና ይሰውረዋል። ሾፌሩ ደህና የራስ ቁር የለው፣ ቀበቶ የለው። ዜናውን በየከተማው ላሉ ጥቁሮች ያዳረሰው የቺካጎ ዲፌንደር ጋዜጣ ነበር፤ ኋላ ጣሊያን እኛን ሲወረን ለአሜሪካ ጥቁሮች አገራችንን የጮኸላት ያው ጋዜጣ ነው።

ዊጊንስ ይህን ውድድር ከ1926 እስከ 1933 ባለው ጊዜ ውስጥ አራት ጊዜ አሸነፈ። አራቱንም ጊዜ በገዛ እጁ በሠራው መኪና!

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ያሸነፈው ሳይሆን ያላሸነፈው ውድድር ነው። በ1934 ቢል ከሚንግስ የተባለ ነጭ ሾፌር ለ500 ማይሉ ሲዘጋጅ መኪናውን እንዲያስተካክልለት የፈለገው ዊጊንስን ነው። ችግሩ፣ ጥቁር መካኒክ እዚያ ጋራዥ ውስጥ አይሠራም። መላው ምን ሆነ መሰላችሁ? ዊጊንስ በጽዳት ሠራተኛ ስም ገባ። ቀን ቀን መጥረጊያ ይዞ ይጠርጋል፤ ሰው ገለል ሲልና ሲመሽ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ከሚንግስ በዚያ ዓመት አሸነፈ። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 169 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ለዚያ ውድድር አዲስ ክብረ ወሰን። ጽዋው ላይ የተቀረጸው የማን ስም እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ለከሚንግስ አንፈርድበትም፤ ቢያንስ ዕውቀት የት እንዳለ አውቋል። ያላወቁት ወይም አውቀው ዓይናቸውን የጨፈኑት በር ላይ የቆሙት ናቸው።

በ1936 በዚያው በ“ወርቅና ክብር” ውድድር ገና ከጅምሩ መኪናዎች በአቧራው ውስጥ ተደራርበው ተጋጩ። ዊጊንስ ቀኝ እግሩን አጣ። ውድድሩም ከዚያ በኋላ አልቀጠለም። ኢኮኖሚው ቀድሞውኑ አድቅቆት ነበር፤ ዋናው ኮከቡ ሲወድቅ ማን ይግዛ ትኬት?

ሰውየው ግን ከእንጨት እግር ጠርቦ ለራሱ ሠራ። ለእጁ እንግዳ ሥራ አልነበረም። በዚያ እግር ቆሞ ሌላ አርባ ዓመት መኪና ሲጠግን፣ ወጣቶችንም ሲያስተምር ኖሮ በ1979 አረፈ። ታሪኩን ቶድ ጉልድ የተባለ ጸሐፊ በመጽሐፍ ያወጣው በ2002 ነው። በ500 ማይሉ ውድድር ላይ የተሰለፈው የመጀመሪያው ጥቁር ሾፌር ዊሊ ቲ. ሪብስ ይባላል። ዘመኑ 1991 ነበር፤ ዊጊንስ ከሞተ 12 ዓመት ሆኖታል።