የጃሚዕን ሚናራዎች የሠራው ማን ነው?

 ኦቶማን ቱርኮች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ምጽዋን ያዙ፤ ድባርዋ ድረስም ዘለቁ። ድባርዋ ላይ ያቆሙትን ምሽግና መስጊድ ግን አፄ ሠርፀ ድንግል አፈረሱት። ዛሬ በአገራችን የኦቶማን እጅ አለበት የሚባል ጥንታዊ መስጊድ ለማየት የሚሻ ሰው ሐረር መሄድ አለበት።

በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል ውስጥ 82 መስጊዶች ተቆጥረዋል፤ ዋናው ጃሚዕ ነው። ነጫጭ መንትያ ሚናራዎቹ ገና ከሩቅ ዓይን ይስባሉ። ክርክሩም ያለው እነሱ ላይ ነው።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 መጀመሪያ ሐረር ገብቶ በአሚር አሕመድ ፈቃድ ለዐሥር ቀናት ያህል ተቀመጠ። መስጊዱን አቃልሎ ጎተራ አስመሰለው። ሚናራዎቹን የሠሯቸው ከየመን ወደቦች ከሞካና ከሁዴይዳ የመጡ የቱርክ ባለሙያዎች እንደሆኑ፣ አንዱም በቅርቡ ወድቆ ከመጀመሪያው ባነሰ ሥራ እንደተተካ ጻፈ። የከተማዋ ትውፊት በበኩሉ የመስጊዱን ጥንስስ ወደ 13ኛው ክፍለ ዘመን ይወስደዋል፤ የአባቶቻችን ሥራ ነው ይላል።

እኔ የማምነው ግንቡን ራሱን ነው። የኢስታንቡል ሚናራ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ፣ ቀጭን፣ ጫፉ እንደ እርሳስ የሾለ ነው። የሐረሩ ከሥሩ ይሰፋል፤ ወደ ላይ እየጠበበ ሄዶ ሳይሾል ያበቃል፤ በኖራም ተለስኗል። በዚያ ላይ ኦቶማኖች እ.ኤ.አ. በ1630ዎቹ የመንን ለቀው ወጥተዋል፤ ወደ ጠረፉ የተመለሱት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በርተን የወደቦቹን ስም በትክክል የሰማ ይመስለኛል። የሐረር ቡና በዘይላና በበርበራ በኩል ባሕር ተሻግሮ ሞካ ይወርድ ነበርና፣ በዚያው መንገድ ግንበኛ ቢመጣ አይገርምም። ያ ግንበኛ ግን ከሱልጣኑ የተላከ ሳይሆን ነጋዴ ያመጣው የየመን ጠረፍ ሰው ነው ብል እመርጣለሁ። ድንጋዩን ያነሣውና ኖራውን የለሰነውም የሐረር ሰው ነው።

የኦቶማን ስም በይፋ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1875 ነው። ለሱልጣኑ በስም ይገዛ የነበረው የግብፁ ኬዲቭ እስማኤል ጦር በራውፍ ፓሻ እየተመራ ከተማዋን ያዘ። ግብፆች ፈረስ መጋላ በሚባለው አደባባይ መስጊድ ሠሩ። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1887 ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ከተማዋን ከያዙ በኋላ በቦታው መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ተተከለ።

ዛሬ ቱርኮች በጥገና በኩል ተመልሰዋል። የትግራዩን የነጋሽ መስጊድ ያደሰው የቱርክ የትብብር ድርጅት ቲካ ነው፤ መስጊዱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ በትግራዩ ጦርነት ተጎዳ። ጀጎል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። የጃሚዕ የጥገና ተራ ሲደርስ ገንዘቡን ማንም ያምጣው፣ ሥራው ለኖራ ለሳኝ የሐረር ባለሙያዎች ይሰጥ፤ በሚናራዎቹም ላይ የኢስታንቡል ሹል ቆብ አይደፋ።