የእናቶቻችን ሥራና የሲንቄ ታሪክ

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ

የዚህ የመታሰቢያ መጽሔት አዘጋጆች ስለ ከተማችን ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ እንደ ቀደሙት ተማሪዎች ስለ ምድር ባቡር ልጽፍ ዐስቤ ነበር። የአዳማ ነገር ሲነሣ ባቡሩ ሳይነሣ አይቀርምና። ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ገብቶ ሥራው እንደ ተፈጸመ፣ ከተማችንም በጣቢያው ዙሪያ እንደ ሰፋች፣ ቀጥሎም ኤች.ቪ.ኤ. የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በአዋሽ ዳር በወንጂ የስኳር ፋብሪካ አቁሞ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማውጣት እንደ ጀመረ፣ የከተማዪቱም ስም ከአዳማ ወደ ናዝሬት፣ ከናዝሬት ደግሞ ወደ ቀድሞው ወደ አዳማ እንደ ተመለሰ በደብተሬ ላይ አሳምሬ ጻፍሁ። ማታ መልሼ ሳነበው ግን ዐፈርሁ። በሁለት ገጽ ሙሉ ታሪክ ውስጥ አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችም።

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ወንጂን ለአብነት እንውሰድ። ሸንኮራ ለመቍረጥ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከሌሎችም አገሮች ብዙ ወንዶች መጡ። የሠራተኛው ስም በደመወዝ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ የሠራበት ቀን ተቈጠረ፤ ገንዘቡም ተከፈለ። ነገር ግን ያ ሰው በጥላሸት ጠቍሮ ከእርሻው ሲመለስ ልብሱን ያጠበችለት፣ ሌሊት ተነሥታ እንጀራ የጋገረችለት፣ ወባ ሲያንቀጠቅጠው በራስጌው ተቀምጣ ያደረች፣ ልጆቹንም ወልዳ ያሳደገችለት ሴት በየትኛው መዝገብ ላይ ተጻፈች? እርሷ ባትኖር በማግሥቱ ሸንኮራውን የሚቈርጥ ክንድ ባልተገኘም ነበር። የአንድ ሰው ደመወዝ ተከፍሎ የሁለት ሰው ጕልበት ይወሰድ ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም።

ይህ ዐይነቱ ሥራ በዛሬ ዘመን ሊቃውንት ዘንድ «ክፍያ የሌለው የእንክብካቤ ሥራ» ይባላል። ይኸውም ምግብ ማብሰል፣ ውሃ መቅዳት፣ ሕፃን ማሳደግ፣ በሽተኛ ማስታመም፣ አረጋዊ መጦር ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ጥናት፣ በመላው ዓለም በየቀኑ 16.4 ቢሊዮን ሰዓት በዚህ ሥራ እንደሚያልፍ፣ ከዚያም ውስጥ ከመቶ 76 እጅ የሚሆነውን የሚሠሩት ሴቶች መሆናቸውን ገልጦአል። የኒው ዚላንድ ተወላጅ ማሪሊን ዋሪንግም እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ መንግሥታት የአገራቸውን ሀብት ሲያሰሉ ይህን ሥራ ከሒሳብ ውጭ ማድረጋቸውን ነቅፋለች። ነገሩ በእኛ ቤት ሲታይ እንዲህ ነው፤ እንጀራ ከሱቅ ሲገዛ በአገር ገቢ ውስጥ ይቈጠራል፤ እናቴ የጋገረችው ግን አይቈጠርም። ጤፉ ያው ጤፍ ነው፤ ዐይን የሚያስለቅሰውም ጭስ ያው ጭስ ነው።

ይህን እያሰብሁ ሳለ አያቴን ጠየቅኋቸው። አያቴ አዋሽን ተሻግሮ ካለው ከአርሲ ምድር የመጡ ኦሮሞ ናቸው። ከመኝታቸው በላይ በግድግዳው ላይ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች በትር ተሰቅላለች። በልጅነቴ ውሻ ላባርርባት ባነሣት የተቈጡኝን ቍጣ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ያቺ በትር ሲንቄ ናት። ሀሮሬሳ ከሚባል ዛፍ ትቈረጣለች፤ በሠርግ ቀንም እናት ለልጇ ትሰጣታለች። ወንድ አይዛትም። በሽማግሌዎች ዘንድ የተከበረች ስለሆነች፣ ሁለት ወገን ተጣልቶ ሲዋጋ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በመካከል ከቆሙ ውጊያው ይቆማል።

አያቴ እንደ ነገሩኝ፣ በጥንቱ ሥርዐት ሴት ስትወልድ ቃናፋ የሚባለውን ምልክት በግንባሯ ላይ ታስራለች፤ አምስት ወር ያህልም ታርፋለች። በዚህ ጊዜ እርሷን መምታት ወይም መስደብ እንደ ባልና ሚስት ጠብ አይታይም፤ በሴቶች ሁሉ ላይ የተሠራ ነውር ነው። ባል ይህን ቢደፍር ሚስቲቱ ሲንቄዋን ይዛ ትጮኻለች። ጩኸቷን የሰማች ሴት ሁሉ ላም ብታልብም፣ ገንፎ ብታገነፋም፣ ሥራዋን ጥላ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትወጣለች፤ ሰምቶ መቅረት የለም። ተሰብስበውም በሰውዬው ደጅ እየዘፈኑና እየረገሙ ይቆማሉ። እርሱም አጥፍቻለሁ ብሎ እስኪለምንና ከብት ሰጥቶ እስኪታረቅ ድረስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም።

ነገሩ ከዚህ የከፋ እንደሆነ ደግሞ «ጎዳንሳ ሲንቄ» የሚባል አለ። ሴቶቹ ቤቱንም፣ ከብቱንም፣ ልጆቹንም ለወንዶች ትተው ከመንደር ይወጡና በዛፍ ሥር ይሰፍራሉ። ሽማግሌዎች ሄደው ለምነው እስኪመልሱአቸው ድረስ ወንዱ ላም ያልባል፣ ውሃ ይቀዳል፣ የሚያለቅስ ሕፃን ያባብላል። «በመጀመሪያው ቀን ይቈጣል፤ በሁለተኛው ይራባል፤ በሦስተኛው ቀን ጥፋቱ ሁሉ ይገባዋል» አሉኝ አያቴ እየሣቁ።

የአይስላንድ ሴቶች እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1975 ያደረጉትን ሳነብ አያቴን ያስታወስሁት በዚህ ምክንያት ነው። በዚያ ቀን ከአገሪቱ ሴቶች ከመቶ 90 ያህሉ የመሥሪያ ቤቱንም የቤቱንም ሥራ ትተው አደባባይ ወጡ፤ አባቶችም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሥራ ለመሄድ ተገደዱ። ከአምስት ዓመት በኋላ ቪግዲስ ፊንቦጋዶቲር የተባለች ሴት የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች። ይህ ሥራ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማወቅ መለኪያው አንድ ቀን ማቆም መሆኑን የአርሲ እናቶች በሚገባ ያውቁት ነበር።

ይሁን እንጂ ሲንቄን ያለ ልክ ማመስገን አልፈልግም። ሲንቄ ጥቃትን ትከለክላለች እንጂ ሥራን አታካፍልም፤ ዕርቁ ሲፈጸም ሴቶቹ ወደዚያው ጓዳ ይመለሳሉ። ደግሞም የምትሰጠው ለምታገባ ሴት ብቻ ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር ያሳሰበኝ ስለ እህቴ ነው።

እህቴ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ታማ በተኛች ጊዜ እርሷ ስምንተኛ ክፍል፣ እኔ ስድስተኛ ክፍል ነበርን። «ትምህርትሽን ተዪ» ያላት ማንም የለም። መጀመሪያ ማክሰኞና ሐሙስ ቀረች፤ ቀጥሎ አንድ ሳምንት፤ ከዚያ ወዲያ ደብተሮቿን ጠቅልላ ከሣጥን በታች አኖረቻቸው። እኔ አንድ ቀን እንኳ አልቀረሁም። በዓመቱ መጨረሻ ከክፍሌ አንደኛ ስወጣ አባታችን አዲስ ጫማ ገዛልኝ። አባታችን ክፉ ሰው አይደለም፤ በቤታችንም ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ራሴ ግን «ዛሬ እኔ ልቅርና እናታችንን ላስታምም» ብዬ አላውቅም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የማርታንና የማርያምን ታሪክ በተማርን ቍጥር ሁላችንም የማርያምን ወገን እንይዝ ነበር፤ ራቱን ማን እንደሚያበስለው የጠየቀ ተማሪ አልነበረም።

ማስታመም ራሱ ክቡር ሙያ መሆኑ ከታወቀ ቈይቶአል። እ.ኤ.አ. በ1935 የኢጣልያ ወረራ ሲቃረብ የኢትዮጵያ ሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበር ተቋቁሞ ሴቶች ለቁስለኞች ፋሻ ያዘጋጁ ነበር። ከማኅበሩ መሪዎች አንዷ ልዕልት ፀሐይም በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ እ.ኤ.አ. በ1939 ተመረቀች፤ በ1934 ዓ.ም. በነቀምት ዐረፈች። በከተማችንም የሜኖናይት ሚሲዮን እ.ኤ.አ. በ1946 በቀድሞ ጥጥ መዳመጫ ቤት ውስጥ የኃይለ ማርያም ማሞን ሆስፒታል ከፍቶ ድሬሰሮችን ያሠለጥን ነበር። ቁስል ማጠብና በሽተኛ መገልበጥ በሆስፒታል ሲሠራ ሙያ ተብሎ ደመወዝ ተቈረጠለት፤ በቤት ሲሠራ ግን ፍቅር ተባለ። ፍቅር መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ነርሷም በሽተኛዋን ብትወድ ደመወዟ አይቀርባትም።

ወደ ሕጉ እንምጣ። «ወንድ ወደ ችሎት፣ ሴት ወደ ማጀት» የሚለው ተረት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ የሕግ ልብስ ለብሶ እናገኘዋለን። በአንቀጽ 635 ባል የቤተ ሰቡ አለቃ ሆነ፤ ሚስትም ልትታዘዘው ተገደደች። ከጋራው ሀብት የሚስቲቱ ደመወዝና ገቢ ሲቀር የቀረውን የሚያስተዳድረው ባል ነበር፤ እንግዲህ ደመወዝ የሌላት የቤት እመቤት የምታስተዳድረው ምንም አልነበራትም ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ግን ባል ለሚስቱ ሠራተኛ ሊቀጥርላት የማይችል እንደሆነ የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ የሚያዘው ነው። ሕጉ ሳያስበው እውነቱን ተናገረ። ሌላ ሰው ቢሠራው ዋጋ የሚከፈልበት ሥራ መሆኑን እያወቀ፣ ሚስት ስትሠራው ግዴታ ብቻ አደረገው።

ይህ ሕግ አርባ ዓመት ቈየ። እ.ኤ.አ. በ1995 እነ መዓዛ አሸናፊ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር እንዲሻሻል ብዙ ደከመ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ አዋጅ ቍጥር 213 የባልን አለቅነት ሽሮ ቤቱንና የጋራውን ሀብት ሁለቱ በእኩልነት እንዲያስተዳድሩ ደነገገ፤ ኦሮሚያም የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. አወጣ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 ደግሞ ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ከደመወዝ ጋር ሰጣት። ለአባት የሰጠው ሦስት ቀን ነው። ይህን ባነበብሁላቸው ጊዜ አያቴ «ልክ ሊገባው ሲል ይመልሱታል!» ብለው ሣቁ። ያም ቢሆን ለተቀጠረች ሴት ነው፤ በጕሊት ተቀምጣ ሽንኵርት ለምትሸጠዋ፣ ለእናቴም ቢሆን የሚደርሳት የለም።

ብዙ የሰፈራችን ልጆች ወደ ቤሩትና ወደ ሪያድ ሄደዋል። በዚያም የሚሠሩት እህቴ በቤታችን የምትሠራውን ነው፤ ያጥባሉ፣ ያበስላሉ፣ የሰው ልጅና የሰው እናት ይጠብቃሉ። የሚልኩት ገንዘብ በባንክ በኩል ሲመጣ የውጭ ምንዛሪ ተብሎ ይመሰገናል። እንግዲህ አንዱ ሥራ ባሕር ሲሻገር ዶላር ይሆናል፤ በአዳማ ሲቀር ስም እንኳ የለውም።

ሲንቄ የሚል ስም ያለው ባንክ በከተማችን መኖሩን ለአያቴ ስነግራቸው «በትሯንም ያበድራሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ እኔም የመጨረሻ ጥያቄዬን አቀረብሁ። «አኮ፣ ይህች በትር ለማን ትደርሳለች?» አልኋቸው።

«ለእህትህ ናት፤ በሠርጓ ቀን» አሉ።

«ባታገባስ?»

አያቴ ወደ ግድግዳው ቀና ብለው ዝም አሉ። እህቴ በጓዳ ሆና የእናታችንን ሾርባ ታማስል ነበር፤ የማንኪያው ድምፅ ቆመ።

«እርሱን እኛ አላሰብንበትም» አሉ በመጨረሻ።