የመጋቢቱ ባዶ መስመር

የእህቴ ልጅ የተወለደችው በሰኔ 2011 ነው። ዘጠኝ ወር የሞላት በመጋቢት 2012፣ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 አገራችን ውስጥ መገኘቱ በተነገረ ሰሞን መሆኑ ነው። የኩፍኝ ክትባቷም የዚያው ወር ነበር። የምንኖረው ኮልፌ፣ አጠና ተራ አካባቢ ስለሆነ ጤና ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። እህቴ ግን «በሽታ ፍለጋ በእግሬ ልሂድ?» ብላ ቀረች። አልተከራከርኳትም። እኔ ራሴ ያን ሰሞን ታክሲ ፈርቼ እስከ ጦር ኃይሎች በእግሬ ነበር የምሄደው።

ግንቦት ላይ ካርዱን ይዛ መጣች። ከላይ ያሉት መስመሮች ተሞልተዋል፣ የኩፍኙ ባዶ ነው። «እንግዲህ ይህቺ ልጅ አልተከተበችም፤ ኮሮናው ቢይዛት ከተከተቡት ይልቅ ይበረታባታል ወይ?» አለችኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ የድሮ ታሪክ ማንበብ የምወድ ሰው ነኝ። ጥያቄው ግን አላስተኛኝ አለ።

መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የህዳር በሽታ ነው። በህዳር 1911 ኢንፍሉዌንዛው አዲስ አበባን ሲያጥለቀልቅ ለማንም ክትባት አልነበረም፤ በቫይረሱ ፊት ራስ ተፈሪም ለማኙም እኩል ነበሩ። ራስ ተፈሪ ታመው ተረፉ። ብዙ ጊዜ በሚጠቀሰው ግምት ከከተማዋ ሕዝብ ወደ 10,000 የሚጠጋው አለቀ። በዓለም ዙሪያ ያ በሽታ ያለ ልማዱ ጎረምሳውንና ጎልማሳውን መርጦ ገድሏል። ዛሬም በየዓመቱ ህዳር 12 ቆሻሻ እያቃጠልን ሰፈሩን በጭስ የምናፍነው በዚያ መዘዝ ነው። አዲስ ቫይረስ ሲመጣ ያልተከተበው ሁሉም ሰው ነው።

ታዲያ የድሮው ክትባት ለአዲሱ አይጠቅምም ማለት ነው? በዚያው በመጋቢትና በሚያዝያ «ቢሲጂ የተከተበ ሕዝብ ኮሮና አይደፍረውም» የሚል ወሬ ነበር። ክንዳችን ላይ ያለችውን ጠባሳ እንደ ክታብ ማየት ጀምረን ነበር። በኋላ በጤና ሠራተኞች ላይ የተካሄደው ትልቅ ሙከራ ግን ክትባቱ ከኮሮና እንደሚጠብቅ አላሳየም። ኮሮናውም ቢሆን በአብዛኛው ሕፃናትን ሳይሆን ሽማግሌዎችን ነው የጎዳው።

እዚህ ላይ ቆሜ እህቴን «አትስጊ» ልላት ነበር። ደግነቱ አላልኩም። ኩፍኝ ሌላ ጠባይ አለው። በ2012 መጀመሪያ ገደማ የወጣ ጥናት በኔዘርላንድስ ያልተከተቡ 77 ሕፃናትን ደም ከኩፍኙ በፊትና በኋላ መርምሮ ነበር። ኩፍኝ የያዛቸው ልጆች ሰውነታቸው ሌሎች በሽታዎችን ለመከላከል ካጠራቀመው ውስጥ ከ11 እስከ 73 በመቶ የሚሆነውን አጥተው ተገኙ። ኩፍኙ አልፎም ልጁ የሚያውቃቸውን ጠላቶች እንደ አዲስ መማር አለበት። ስለዚህ እህቴ የጠየቀችው ጥያቄ መልስ ነበረው፤ በሩ ግን ሌላ ነው። ለልጅቱ ያሰጋው ኮሮናው ሳይሆን፣ እኛ ኮሮናውን ስንጠብቅ በጓሮ የሚገባው ነው።

ኮንጎ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ዓለም ሁሉ ዓይኑን ኢቦላ ላይ ተክሎ ሳለ፣ በ2011 የጀመረው የኩፍኝ ወረርሽኝ እስከ ጥር 2012 ድረስ ከ6,000 በላይ ሰው ገደለ። አብዛኞቹ ሕፃናት ናቸው። ኢቦላው የገደለው የዚያን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ስተነትን እማዬ ከጓዳ ትሰማን ኖሯል። እሷ የመንዝ ልጅ ናት። የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በ1963 ሲጀመር ትንሽ ልጅ ነበረች። ከታቢዎቹ ወደ መንደሩ ሲወጡ እናትየው ጎተራ ውስጥ ደበቀቻት። «ጤፉ አፍንጫዬ ገብቶ አስነጠሰኝ፣ በማስነጠሴ ተያዝኩ» አለችና እጇን ገልጣ ጠባሳዋን አሳየችን። የተደበቁት ጎረቤቶቿስ? «ሁለቱ ፊታቸው ተበሳስቶ ቀረ፣ አንዱ ዓይኑን አጣ» አለች፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። የአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ በነሐሴ 1968 ባሌ፣ ዲሞ በምትባል መንደር ነው የተገኘው። ፈንጣጣው መጨረሻ ላይ የቀረው ከታቢ ያልደረሰበት ቦታ ብቻ ነበር።

ለሚያዝያ ታስቦ በኮሮናው ምክንያት የተላለፈው አገር አቀፍ የኩፍኝ ዘመቻ በሰኔ መጨረሻ ተጀመረ፤ በጠቅላላው ከ14 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት ተከትበዋል። ኢንተርኔት የተዘጋበት ሰሞን ስለነበር ወሬው እኛ ሰፈር የደረሰው በጎረቤት አፍ ነው። እህቴ ማስኳን ደርባ፣ ልጅቱን በነጠላ አዝላ ከሰዎች በሁለት እርምጃ ርቃ ተሰለፈች። እኔ ካርዱን ይዤ ከኋላ ቆምኩ። ነርሷ መርፌውን ወጋች፣ የልጅቱን ጣት በቀለም ነካችና ወደ እህቴ ዞር ብላ «ለምን ዘገየሽ?» አለቻት።

«ፈርቼ» አለች እህቴ።

ነርሷ አልተቆጣችም። «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉኝ። ለአሥራ አምስት ወሯ ግን እንዳትቀሪ» ብላ ቀጣዩን ልጅ ጠራች። ልጅቱ በመንገድ ላይ ባለቀለሙን ጣት ስትጠባ ከንፈሯን ሁሉ ሰማያዊ አድርጋ ቤት ገባች።