ስም ያገኘ ሹክሹክታ

አንዳንድ ስሜት ስም እስኪያገኝ ድረስ ባለቤቱ ብቻውን ይሸከመዋል። ሰው በለሆሳስ ሲያወራን፣ ወረቀት በቀስታ ሲገለጥ፣ ጸጉራችን በማበጠሪያ ሲዳሰስ፣ ከራስ ቅል ተነሥቶ በጀርባ ቁልቁል የሚወርድ ለስላሳ ንዝረት አለ። ሁሉም ሰው አይሰማውም፤ የሚሰማው ግን አይረሳውም። እኔ «ውርር አደረገኝ» እለው ነበር። ይህ አባባል ግን ለብርድም ለፍርሃትም ስለሚያገለግል ደስታውን ለይቶ አይነግርልኝም።

ስሜቱ ከስሙ ቀድሞ በልቦለድ ታይቷል። ቨርጂኒያ ዉልፍ እ.ኤ.አ. በ1925 ባሳተመችው «ሚስስ ዳሎዌይ» ውስጥ፣ ጦርነት አእምሮውን ያናወጠው ሴፕቲመስ አንዲት ሞግዚት አጠገቡ ሆና በሰማይ ላይ የተጻፉ ፊደላትን ስታነብ ይሰማል፤ ድምፅዋም እስከ አከርካሪው ዘልቆ ደስ ያሰኘዋል። ሞግዚቷ ይህን አታውቅም። ከ1983 እስከ 1994 በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን ሥዕል ያስተምር የነበረውን ቦብ ሮስንም፣ ብሩሽ ጨብጠው የማያውቁ ብዙ ተመልካቾች ለድምፁና ለብሩሹ ፍትጊያ ሲሉ ብቻ ይከታተሉት ነበር።

በ2007 አንድ ሰው በአንድ የጤና መወያያ ድረ ገጽ ላይ ስለዚህ እንግዳ ደስታ ጻፈ፤ እኛም ይሰማናል የሚሉ መልሶች ተከተሉት። በ2009 ለሹክሹክታ ብቻ የተሠሩ ቪዲዮዎች በዩቲዩብ ታዩ። በ2010 ጄኒፈር አለን የተባለች አሜሪካዊት «ኤ.ኤስ.ኤም.አር.» የሚለውን ስም አወጣችለት፤ ሰዎች ሳያፍሩ እንዲናገሩበትም ሆን ብላ የሳይንስ ቃና ሰጠችው። ሳይንሱ ራሱ ከስሙ ኋላ ደረሰ። 475 ሰዎች የተጠየቁበትና በ2015 የታተመው የስዋንሲ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ አብዛኞቹ የሚሹት ዕረፍትና እንቅልፍ መሆኑን ገለጸ። በ2018 የታተመ የሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ ስሜቱ በሚያድርባቸው ሰዎች የልብ ምት በደቂቃ በአማካይ በሦስት ያህል እንደሚቀንስ አሳየ።

ስም ያገኘ ነገር ዋጋም ያገኛል። በ2017 የቤት ዕቃ ሻጩ ኢኬያ አንሶላና ትራስ በእጅ እየተዳሰሱ የሚያንሾካሹክ የ25 ደቂቃ ማስታወቂያ አሰናዳ። በ2019 በአሜሪካ እግር ኳስ የፍጻሜ ጨዋታ መካከል ተዋናይቷ ዞዊ ክራቪትዝ ጠርሙስ በጥፍሯ እያንኳኳች ቢራ አስተዋወቀች።

ገንዘቡን ብቻ አልወቅስም፤ የቦብ ሮስም ስም በቀለምና በብሩሽ ላይ ተሸጧል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ እርሱ ዓይኑን ከሸራው አይነቅልም፣ ሞግዚቷም ከሰማዩ። አድማጩ የሰው ትጋት በሚያሰማው ድምፅ ጥላ ሥር ተጠልሎ ያርፍ ነበር። የዛሬው አንሾካሿኪ ግን ሥራው የእኔ ጆሮ ነው፤ ማይክሮፎኑን ያበጥራል፣ ጸጉሬን እንዳበጠረ አድርጌ እንድቀበለው ይጠይቀኛል።

ሆኖም አንባቢዬ ሆይ፣ ለመፍረድ አልቸኩልም። ሌሊቱ የረዘመበት፣ በለሆሳስ የሚያናግረው ያጣ ሰው፣ የማያውቀው ድምፅ እንቅልፍ ቢሰጠው እንቅልፉ እውነተኛ ነው። ድምፁ ግን አያውቀውም። የዚህ አጭር ታሪክ እውነተኛ ጥያቄም ይኸው ይመስለኛል፦ እንዲህ ያለ ሹክሹክታ እንዴት መጣ ሳይሆን፣ ይህን ያህል ሰው ለምን ሲጠብቀው ኖረ?