የድረ ገጽ የፍለጋ ደረጃ ማሻሻያ መሣሪያዎች

የድረ ገጽ የፍለጋ ደረጃ ማሻሻያ መሣሪያዎች አንድ ድረ ገጽ እንደ ጉግልና ቢንግ ባሉ የፍለጋ ሞተሮች ውጤት ላይ ከፍ ብሎ እንዲገኝ የሚያግዙ አገልግሎቶች ናቸው።

ዋና ዋና መሣሪያዎች

* ጉግል ሰርች ኮንሶል፦ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 «ዌብማስተር ቱልስ» ይባል ነበር። አንባቢዎች ገጹን ያገኙት የትኛውን ቃል ፈልገው እንደሆነ በነጻ ያሳያል።
* ጉግል ትሬንድስ፦ እ.ኤ.አ. በ2006 ተጀመረ። የቃላትን ተፈላጊነት ያነጻጽራል።
* ሳይትማፕ፦ የድረ ገጹን አድራሻዎች ዘርዝሮ ለፍለጋ ሞተር የሚያቀርብ ፋይል ነው።

በአማርኛ ድረ ገጾች

በአማርኛ ትልቁ ችግር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። «መካነ ሰላም» «መካነ ሠላም»፣ አጅባር የምትገኝበት «ሳይንት» ደግሞ «ሣይንት» ተብሎ ይጻፋል። ለኮምፒውተር «ሰ» እና «ሠ» የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ በአንዱ የተጻፈ ገጽ በሌላው ለሚፈልግ ሰው ላይታይ ይችላል። ስለዚህ የተለመደውን አጻጻፍ በርዕሱ፣ ሌላውን በመግቢያው መጥቀስ ይጠቅማል፤ አንባቢዎች የትኛውን እንደጻፉ ከሰርች ኮንሶል ማየት ይቻላል።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ለፍለጋ ሞተር የላቲን ፊደላት ዝብርቅ ሆኖ ስለሚታየው ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት።

ገደብ

መሣሪያዎቹ ጉድለትን ያሳያሉ እንጂ ይዘትን አይተኩም። ቃላትን ያለ አግባብ መደጋገምና ለደረጃ ሲባል አገናኝ መግዛት በጉግል ደንብ የተከለከሉ ናቸው።